ጋሽ ሦስት ሺህ

«ስሚ ኢንጂነር፣ አባትሽ እኮ አንድ ቀን ከነተሳፋሪዬ አስቁሞ ኮፈን አስከፍቶኛል!» አለ ረጅሙ የታክሲ ሹፌር፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሴትዮዋ ‹ቸኩያለሁ› ትላለች፤ እሱ ደግሞ ‹ይቺ መኪና ከሦስት ሺህ አልፋለች፣ ድምጿ ይናገራል› ይላል። ብናይ በመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር አልፋለች! ይሄ ጆሮ ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

ቤቱ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነዋ! በመጀመሪያው ቀን የሳቀ ልበ ድንጋይ ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን ያልሳቀ ደግሞ ሟቹን አያውቀውም ማለት ነው። ይህን ሟች ደግሞ ማን ያላወቀው አለ? ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዳ፣ «የሞተር ዘይት በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ከዚያ አንድ ብታሳልፉ ኃጢአት ነው» እያለ የታክሲ ተራ ጓደኞቹን ቁም ስቅላቸውን ስላሳያቸው፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ጋሽ ሦስት ሺህ ሆኖ ቀረ።

ኢንጂነሯ አልሳቀችም። የሟቹ አንድ ልጅ ናት። ፔርሙዙን እንደ ሕፃን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ የረጅሙ ብርጭቆ ሙሉ መሆኑን እያየች ልትጨምርለት ጎንበስ አለች።

«በቃኝ፣ በቃኝ» አላት። «ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የራሱን መኪና ዘይት ረስቶ ሞተር አቃጠለ ሲሉኝ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሰጠመ ያሉኝ ነው የመሰለኝ።»

«የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ ከጥግ። ለወትሮው ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን እንደ ሐኪም ነው። «ዘይት አይባልም። እንደ ሬንጅ ተጋግሮ በማንኪያ ነው ያወጣሁት። አንዴ የተረሳ አልነበረም፣ ደጋግሞ የተረሳ ነው።»

«ሕመሙ ነዋ!» አለች እናትየዋ። ፍራሹ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን ያለቀሰ ዓይኗ አብጧል። «የመርሳት ሕመሙ ያኔ ነው የጀመረው። ድሮ በሦስት ሳምንት አንዴ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይጋደም ነበር። ከዚያ እርግፍ አርጎ ተወው። እኔ ደንቆሮዋ፣ ዘይት የነካው ሱሪ ማጠብ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ያኔ ሐኪም ጋ ብወስደው ኖሮ... ባሌን ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም!» አሉ ሰዎቹ በአንድ አፍ።

ኢንጂነሯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት የወደደችው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አባቷ ምንም አልረሳም። በዚህ ዓለም ላይ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ከትናንት ወዲያ ተቀበረ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሰውየው አሮጌዋን መኪና ሸጦ ሻል ያለች ገዛ፤ መሳቢያዋ ውስጥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ ተገኘ። ልጁም በዚያው ወር ነው ተመርቃ ሥራ የያዘችው። ኢንጂነር ስንል የውሃ መስመር ነው እንጂ፣ ስለ ሞተር የምታውቀው ቁልፍ ሲዞር እንደሚነሣ ብቻ ነበር። ለአባቷ ግን ኢንጂነር ኢንጂነር ነው፤ ቧንቧም ሆነ አውሮፕላን ልዩነት የለውም።

«እስቲ ፋብሪካው ስለ ዘይት የሚለውን አንብቢልኝ» አላት።

ስልክ እያወራች ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «አሥር ሺህ» አለችው።

«አሥር ምን?»

«አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር።»

«ተይ እንጂ! ደህና አርገሽ እይው፤ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም?»

ነበረ። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ «ለከባድ አገልግሎት የሚቀጥለውን ገጽ ይመልከቱ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ነበረ። አይታዋለች። ከባድ አገልግሎትማ የጭነት መኪና ይሆናል አለችና ሳትገልጠው መጽሐፉን ዘጋችው።

«የለም አባዬ። ሦስት ሺህ የድሮ ሰው ወግ ነው። አሁን ዘይቱም ሞተሩም ተሻሽሏል። ደህና ዘይት ስትደፋ ነው የኖርከው።»

ሰውየው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ሠላሳ ዓመት የሰበኩትን ነገር በአንድ ከሰዓት መካድ ቀላል አይደለም። ቢሆንም፣ ያነበበችው ልጁ ናት። «እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» አለና ሳቀ። «ግን ለታክሲ ተራዎቹ እንዳትነግሪብኝ። ሦስት ሺህ እያልኩ አናታቸው ላይ ስወጣ ኖሬ፣ አሁን አሥር ሺህ ብላቸው መጫወቻ ነው የሚያደርጉኝ። ሦስት ጊዜ አሥር ሺህ ይሙላና ራሴው እነግራቸዋለሁ።»

ሦስተኛው ሳይሞላ ሞተሩ ተቃጠለ። ልጅቱ ጋራዡ ስትደርስ መካኒኩ ጥቁሩን ዝቃጭ እየዛቀ፣ «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ስንት ነድተህበት ነው?» ይላል። መጽሐፉ የመኪናዋ ወንበር ላይ ነበር። አነሣችውና ያቺን ገጽ ገለጠች። «ከባድ አገልግሎት» ይላል። ከሥሩ የተዘረዘረው የመጀመሪያው ቃል ታክሲ ነበር። ከዚያ አጭር መንገድ፣ አቧራ፣ ቆም ነሣ የሚበዛበት ጉዞ። በየአምስት ሺህ፣ አቧራ ከበዛም ከዚያ ባነሰ። ቀና ስትል አባቷ ያያታል። ያንን መጽሐፍ ማንበብ ባይችልም የልጁን ፊት ማንበብ አያቅተውም።

«ረሳሁት» አለ ወደ መካኒኩ ዞሮ። «አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ረሳሁት።»

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ...» ስትል አላስጨረሳትም።

«ሥራ ከያዝሽ ዓመት ሳይሞላሽ ‹የኢንጂነሯ ምክር ሞተር በላ› ሊሉሽ ነው? ሹፌር ረሳ ቢባል ማንም አይሞትም። ሆድ ይፍጀው።»

እሷም ሆድ ይፍጀው አለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስም አላት።

እናትየዋ ግን «ረሳሁት» የምትለዋን ቃል ሰማች። ሰምታ አልተወችም። ጫማውን ሲፈልግ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን አየሽልኝ?» ሲላት፣ ማንም የሚረሳውን ሁሉ እየለቀመች አጠራቀመችው። አንድ እሑድ ልጇን አስጠርታ፣ «ነገ ሰው ጭኖ ገደል ቢገባስ? አይነዳም በቃ!» አለችና ቁልፉን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሰውየው ወደ ልጁ አንዴ ቀና አለ። አንዴ ብቻ። ኢንጂነሯ ጥፍሯን ታይ ነበር። «እሺ፣ ካላችሁ» አለና ቁልፉን ሰጠ። መኪናዋ ተሸጠች።

ከዚያ ወዲህ፣ በእንቅልፉ ልቡ ቀጥ እስኪል ድረስ፣ ሁለት ዓመት ቤት ዋለ። ሚስቱ ክብሪት ደበቀችበት። ስሙንና ስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጽፋ ኮት ኪሱ ውስጥ ሰፋችበት። ፀጉር ቤት ስትወስደው እጁን ይዛ ነበር። ልጅቱ በየሳምንቱ «ዛሬስ እነግራታለሁ» እያለች መጣች፣ በየሳምንቱ በልታ ጠጥታ ሄደች። አባቷ ጭራሽ ይቀልድ ነበር። «ዛሬ ቀኑ ማን ነው? እናትሽ ልትፈትነኝ ነው፣ አስኮርጂኝ!» ይላታል። እሷም ትስቃለች። አሁን አንጀቷን የሚያቃጥላት ያ ሳቋ ነው።

«ብቻ ተመስገን» አለች እናትየዋ ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች። «እኔን ሳይረሳ ሄደ። ዘግይቼ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ...»

«አልረሳም፣ እማዬ።»

እናትየዋ ቀና አለች።

«ማን?»

«አባዬ። ዘይቱን አልረሳም። አሥር ሺህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አንብቢልኝ አለኝ፤ ግማሹን አንብቤ ዘጋሁት። የታክሲው የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነበር።» ፔርሙዙን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገችው። «እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው ረሳሁ ያለው። የመርሳት ሕመም የለበትም። ምንም አልነበረበትም። ቁልፉን ስትቀበዪውም አውቅ ነበር።»

ረጅሙ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ!» አለ። መካኒኩ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔም ‹አርጅተሃል፣ መንዳቱን ተወው› ብዬዋለሁ እኮ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አይዞሽ ያላት የለም።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ክብሪት ስደብቅበት ያውቅ ነበር?» አለች እናትየዋ።

«ያውቅ ነበር።»

«ፀጉር ቤት እጁን ይዤ ስጎትተው? ያ ሁሉ ሰው እያየው?»

«ያውቅ ነበር፣ እማዬ።»

«ዝም ብሎ ተጎተተልኝ!»

እናትየዋ ጀርባዋን ሰጠቻትና ወደ ግድግዳው ዞራ ፍራሹ ላይ ተጋደመች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው ለበሽተኛው ነበር፤ ለጤነኛው ገና አሁን ጀመረች።

ልጅቱ ፔርሙዙን አስቀምጣ ከፍራሹ ግርጌ ተንበረከከች። የእናቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ቀዝቅዞ ነበር። እናትየዋ ዞራ አላየቻትም፤ እግሯን ግን አልሰበሰበችም።