ቁልቁል የማያየው ሱሪ ሰፊ

መኩራት የምችል ሰው ብሆን ኖሮ በጤናዬ ጊዜ እኮራ ነበር። ሞክሬውም አውቃለሁ። ደረቴን ነፍቼ በሰፈር ሳልፍ «ምነው፣ ወገብህን አመመህ?» ይሉኝ ነበር። ኩራቱ የመጣልኝ ከበሽታ ጋር ነው።

ሱሪ ሰፊ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ራሴን አዞረኝና ይለቀኛል ብዬ ተኛሁ። ስነሳ ዓይኔ ቀኝም ግራም ይሄዳል፣ ጣራም ያያል፤ ወደ ታች ግን እምቢ አለ። ሳህኑን ሳላይ እበላለሁ፤ ደረጃ የምወርደው በእግሬ እየዳበስኩ ነው። አንገቴን ስደፋ ደግሞ ዓይኔ መጀመሪያ ያየው ነገር ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ እየተጎተተ እስኪወርድ ጨርቁ በመርፌው ሥር አልፎ ሄዷል።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? የሱቁ ባለቤት እኔው መርፌ አያያዝ ያስተማርኩት ሰው ነው። ያኔ «ቀጭኑ» እንለው ነበር፤ አሁን በበር የሚገባው በጎኑ ነው። የድሮው አሠሪያችን ሲያረጅ ሱቁን ለእሱ አስተላለፈለት፤ እኔን ከአራተኛ ክፍል ስላልዘለልክ አይሆንልህም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከቀጭኑ ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም። መቀስ እንኳ ስፈልግ ተነስቼ ነው የማመጣው። እሱ ይህን ማስተዋሉን እጠራጠራለሁ፤ እኔ ግን በደንብ ይዤዋለሁ።

ሰፈሩ ወዲያው በራሱ መንገድ ተረዳው። የጎረቤታችን አሮጊት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሰላም ስትለኝ አላያትም። «ያ ሰውዬ ደግሞ ምን አግኝቶ ነው አገጩን የሰቀለው?» አለች አሉ። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው የአንድ አስተማሪ ሱሪ እስኪደርስ ነው። ሰውየው ሊለካው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ፤ ሲንገዳገድ ቆየና በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣ። ጫፉን ስቀመቅም የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ።

«መውጫ የለውም እኮ» አለ በትህትና።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ቀጭኑ አልሳቀም። ሰውየው ሲሄድ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ባለፈው ደግሞ የአንዱ እግር አጥሮ ነበር» አለኝ። «ተቀይመኸኝ ከሆነ በአፍህ ንገረኝ። በሰው ሱሪ አትናገረኝ።»

እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ስለነበር የማየው ከራሱ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር።

«ይኸው፣ አሁንም ንቀት» አለ። «በቃ። ከሰኞ ጀምሮ የስፌት መኪናው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

ከዚያ መኪና ከተነሳሁ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ዓይኔ አይወርድም በለዋ» አለች።

«ይስቅብኛል።»

«ቢስቅስ? የሰው ሱሪ ከመድፈን አይብስም።»

ይህች ሴት አንዳንዴ ባሏ መሆኔን ትረሳዋለች። በማግስቱ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ልጄ የምትሆን ናት። አፍንጫዬን ይዩ አለችኝና ጭንቅላቴን ይዛ ወደ ኋላ አዘነበለችው። «አዩ፣ አሁን ዓይናቸው ወረደ» አለቻት ለባለቤቴ። ዓይኔስ ደህና ነው፤ ወደ ታች እይ የሚለው ትእዛዝ በሚነሳበት የአንጎል ክፍል ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ ነው። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ አይደለም አለች። በዕድሜዬ ከሰው የተለየሁት በዚህ ብቻ ነው። ሌላ የደም ሥር እንዳይዘጋ ኪኒን ሰጠችኝ፤ ይመለሳል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም።

ቅዳሜ ሱቅ ሄድኩ።

«በሽታ ነው» አልኩት ቀጭኑን። «ንቀት አይደለም። ንቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

አላመነኝም። እንግዲያው ሞክረው ብዬ ጭንቅላቴን እንደ ዶክተሯ እንዲይዝ አደረግሁት። መርፌ ሲወጋው ያለቅስ የነበረ ልጅ አገጬን ይዞ ሲያዘነብለኝ አፍንጫው ላይ አፈጠጥኩ። ሰፊ አፍንጫ ነው።

«ወረደ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ራስህ አውርደው።»

«አልችልም።»

ጭንቅላቴን ለቀቀኝ። «ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ ምነው ዝም አልክ፣ ጋሼ?»

«አልጠየቅከኝም» አልኩ። መንገድ ላይ የተሻለ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ።

«እና ምን ይሻላል?»

ይህን ነበር የፈራሁት። «ጠረጴዛው ከፍ ቢልልኝ፣ መርፌው ዓይኔ ትይዩ ቢመጣልኝ፣ እሠራለሁ» አልኩ። ቀጥዬም «እባክህ» የሚመስል ነገር ተናገርኩ፤ ሰምቶት እንደሆነ አላውቅም።

ከጓሮ ጡብ መጣ። መኪናው የኤሌክትሪክ ስለሆነ ፔዳሉ መሬት ላይ ቀረ፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ሄደ። ከበር ለሚያየኝ ጭንቅላቴ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ለሽያጭ የተቀመጠ ይመስላል። ቁራጭ ጨርቅ ሰፋሁ። መስመሩ ቀጥ አለ።

ቀጭኑ ጨርቁን ወስዶ አገላብጦ አየው። «ሰኞ በሰዓትህ ግባ» አለ።

«ይወዛወዛል» አልኩት፣ ጠረጴዛውን እየነካሁ። «በግራ በኩል ትንሽ ከፍ ይበል።»

ሆዱን ሰብስቦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ሲቃትትና ጡብ ሲገፋ ሰማሁት። ይህ ሰው እግሬ ሥር የሚንበረከክበት ቀን እንዲመጣ ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። መጣ። ሠራተኛው ሁሉ አየው። እኔ መርፌው ላይ እንዳፈጠጥኩ «ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ።