ስድስተኛው ቡሎን

ደጀኔ ሲበዛ ችኩል ነው። ሻዩ ሳይበርድ ጠጥቶ ምላሱን የሚያቃጥል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ "ገባኝ፣ ገባኝ" የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሾፌር ከሽንዲ ቡሬ ድረስ አምጥቶ መካኒኩ ጋሽ መሐመድአወል ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ያውም ዝም ብለህ ጠብቅ ማለት፣ ግፍ ነው። ግን ምን ያድርግ? የሚነዳት ፒክአፕ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ከባሕር ዳር የመጣው ሞተር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ የድሮው ሞተር ደግሞ አልወጣም ብሏል።

ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች ስድስት ናቸው። አምስቱ ከሐሙስ ጧት እስከ ዓርብ ረፋድ እየተነጫነጩም ቢሆን ወጡ። ስድስተኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። መዶሻም ቀመሰ፣ እሳትም ቀመሰ፣ ያው ነው።

ጋሽ መሐመድአወል ከመኪናዋ ሥር ብቅ ብለው፣ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ዝገት አሳዩት። "ደጀኔ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይች መኪና ወንዝ ገብታ ነበር?"

"ኧረ አልገባችም ጋሼ።"

"ታዲያ ይኸ ሁሉ ዝገት ከሰማይ ወረደ?"

ደጀኔ አንገቱን ደፋ። ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ዝም ማለት ግን አያውቅበትም። "ጸበል ነው" አለ። "ከግሽ ዓባይ እያስመጣሁ፣ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ አንድ አንድ ጀሪካን ሞተሩ ላይ አፈስበታለሁ። ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

ሌላ መካኒክ ቢሆን ይሄኔ ቡሬን በሳቅ ባፈረሳት ነበር። ጋሽ መሐመድአወል አልሳቁም። ነገሩን ያውቁታል። አምና የደጀኔን ሚስት ያምሮትን ምጥ ይዟት፣ ሌሊቱን ወደ ሆስፒታል ሲያመጣት፣ ይችው መኪና መንገድ ላይ አፍልታ ቆመች። ያምሮት በቃሬዛ ደረሰች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ያምሮት እዚች መኪና ውስጥ እግሯን አላስገባችም። አሁን ሌላ ልጅ አርግዛለች፤ ሐኪሟ ቤትሽ እንዳትወልጅ ብላታለች፤ ቀኗም ከሳምንት አይዘልም። እነሱ ሰፈር ደግሞ ከዚች ሌላ መኪና የሚባል የለም። "ሞተሩን ቀይረህ ና፤ ያኔ እናያለን" ነው ያለችው። እናያለን! እሺ እንኳ አላለችም።

"ጸበሉን ለያምሮት ስጣት" አሉ ጋሽ መሐመድአወል ቀስ ብለው። "ሞተሩን ዘይት እናጠጣዋለን።"

ናፍጣና የፍሬን ዘይት ቀላቅለው ቡሎኑን አራሱት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ። ጁምዓ ደርሷል።

"ስማኝ ልጄ፣ ዘይቱ ይግባበት። ሰግጄ እስክመጣ እንዳትነካው። ካምቢዮው ውስጥ ከተሰበረ ካምቢዮው ወርዶ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሊሄድ ነው። አስር ቀን ማለት ነው።"

"ምን ቆርጦኝ እነካዋለሁ ጋሼ!"

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ነካው።

መጀመሪያ ተቀመጠ። ቀጥሎ ቆመ። አስር ቀን፣ አስር ቀን እያለ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከሥሯ ሲገባ "ላየው ብቻ ነው" አለ ለራሱ። መፍቻ ቁልፉን ቡሎኑ ላይ ሲያስገባ "ልሞክረው ብቻ ነው" አለ። ቁልፉ ጫፍ ላይ ረጅሙን የብረት ቱቦ ሲሰካ ደግሞ "አንዴ ብቻ ነው" አለ። እግሩን አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ።

ቋ!

ደጀኔ ቁልፉን እዚያው ትቶ እየተንፏቀቀ ወጣ። ዞር ብሎ ማየት እንኳ አልቻለም። ሰበርሁት! በገዛ እጄ ሰበርሁት! አምና ጥፋቱ የሞተሩ ነበር፤ የዘንድሮው የማን ሊባል ነው? ያምሮትንስ ምን ብሎ ሊያናግራት ነው? ቱቦውን ደብቆ "እኔ እንጃ" ለማለት አሰበ፤ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው አይደለም። ዛሬ ግን ውሸቱም እምቢ አለው።

ጋሽ መሐመድአወል ገና በሩን ሲገቡ "ጋሼ፣ ሰበርሁት" አለ። "እንዳትነካው ብለውኝ ነበር። በቱቦ ስቤ ሰበርሁት። ይቅር ይበሉኝ።" እንባው መጣ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። "ምን ብሎ ጮኸ?" አሉት።

"እ?"

"ድምፁን ነው የምጠይቅህ።"

"ቋ! አለ። አንድ ጊዜ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጥየው ወጣሁ።"

"አይ አንተ!" አሉና ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ደጀኔ እግራቸውን እያየ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከሥር ሳቅ ተሰማ።

"ና ወደዚህ! እጅህን አምጣ። ያዝና አዙረው። በጣትህ!"

ገብቶ ያዘው። ቡሎኑ በጣቱ ዞረ። ጥርሱ ሳይጎድል፣ ሙሉውን፣ እየተሽከረከረ መጣለት።

"ያ ጩኸት ዝገቱ ሲለቅ ነው" አሉት ጋሽ መሐመድአወል። "የሚሰበር ቡሎን መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይለሰልስብሃል እንጅ እንዲህ አይጮህም። አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ ተኝቼ የምጠብቃት ድምፅ እኮ ናት። ዛሬ እኔ መስጊድ ስሄድ አንተ ሰማሃት!"

ደጀኔ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ዘይቱ ግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ተመስገን አለ። ደግሞ ተመስገን አለ።

"ሁለተኛ ብትነካ ግን ቱቦው አንተ ላይ ነው የሚያርፍ።"

"ይረፍ ጋሼ! ይረፍ!"

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ ሞተር ገብቶ ተነሳ። ደጀኔ ለያምሮት ደወለ። "ስሚው" አላትና ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ያዘው። ጋሽ መሐመድአወል እጃቸውን መጥረግ ትተው አብረውት ጠበቁ። ያ ችኩል ሰው አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ። በመጨረሻ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልሰው ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

"ያምሮት? አለሽ?"

"አለሁ" አለች። "ስትመጣ ጋቢናውን ለማንም እንዳትሰጥብኝ" አለችው።