ተለይተውናል

እኔ፣ የወርቅውሃ፣ ባሌን ሁለት ጊዜ አልቅሼዋለሁ፤ አንዱን በቁሙ። ይህን ስናገር ሰው ዓይኑን ያፈጥብኛል፣ ያፍጥ! ያኔ ቦንጋ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢልም።

ገብረ ኢየሱስ የኤርትራ፣ የአዲ ቀይህ ልጅ ነው። ለአንድ ነጋዴ ወፍጮ ሊተክል በወጣትነቱ መጣ፣ እኔን አገኘ፣ ቀረ። ኋላ የራሱን ወፍጮ አቆመ። እኔ የሸዋ ነጋዴ ልጅ በከፋዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ስኮላተፍ እሱ እንደ አገሩ ሰው ያወራው ነበር። እድራችን ድንኳን ሲተክል የመጀመሪያውን ካስማ የሚመታው እሱ ነው፤ ማንም አይቀማውም።

በሰማንያ አምስት መንግሥት የኤርትራን መገንጠል ሲደግፍ፣ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ካድሬው ስለ ሪፈረንደሙ ሲያስረዳ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይሰማል። «ለመሆኑ እኛን ማን ጠየቀን?» አለ አንዱ ከኋላ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በዛብህ ተነሡ። «ልጄ ናቅፋ ላይ ነው የቀረው። አጥንቱ እንግዲህ የማን አገር ነው ያለው? ልጠይቀው ስሄድ ፓስፖርት ልያዝ?» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ካድሬው «መድረኩ ለዚህ አይደለም» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ቆመው ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ንዴት የት ይሂድ? መንግሥትን አይነኩት! ዞር ሲሉ የኔ ሰውዬ አለላቸው። በማግስቱ ሰው እህሉን ተሸክሞ በደጃችን እያለፈ ሌላ ወፍጮ ሄደ። ሰላምታም ቀረ። እንዴት እንደተቃጠልኩ!

ለእሱ ደግሞ ጅማ ሄደህ ድምፅ ስጥ የሚል ጥሪ መጣለት። «አትሂድ» አልኩት፣ ለመንኩት። «ምን እንደሚጠይቁኝ ልስማ» ብሎ በፋሲካው ሳምንት ተሳፈረ።

የዳግማይ ትንሣኤ ለት እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ በዛብህ ቱግ ብለው፣ «ገብረ ኢየሱስ ተለይቶናል! በቃ! ለአባላቱ ንገር» ብለው ጡሩምባ ነፊውን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን አዘዙ። ከእኛ ወጣ፣ የእድራችን ሰው አይደለም ማለታቸው ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግን አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛቸው የገበያና የጡሩምባ ነው። ያቺን ቃል የሚያውቋት ሰው ሲሞት ጡሩምባቸውን ነፍተው ሲለፍፏት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ሰኞ ሲነጋ ጉሙ ከጫካው ወርዶ ደጃችን ላይ ተኝቷል። ጡሩምባው ጮኸ። ማን ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ተለይተውናል! ቀብራቸው ገና ነው!»

ለሟች አክብሮት አይነፍጉም፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። ክው አልኩ። አውቶቡሱ ገደል ገባ ነው ያልኩት፣ ሌላ ምን ልበል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየጮኽኩ ወጣሁ።

ሰላም ሲነሱን የከረሙት ሁሉ መጡ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ልቅሶው ግን ልቅሶ አልመስል አለኝ። በዛ። ለባሌ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አልነበረኝም። አንዷ «ወንድሜን» ስትል ሌላዋ «ምፅዋዬን፣ ባሕሬን» ትላለች። አዳራሽ ውስጥ የታፈነው ሁሉ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ፈነዳ። ጋሽ በዛብህ መጥተው በሩ ላይ ደርቀው ቆሙ። ሐዘን መስሎኝ ነበር፤ ስህተቱ ገብቷቸው ኖሯል። ሳያርሙት ገቡና ተቀመጡ።

ወደ ቀትር ላይ ከጉሙ ውስጥ ገብሬ ወጣ። ቦርሳውን አንጠልጥሏል።

ልቅሶው ቀጥ አለ። እሱ ድንኳኑን በደጁ ሲያይ እኔ የሞትኩ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ። ከሴቶቹ መሃል አገኘኝ። «የወርቅውሃ፣ ማን ነው የሞተው?» አለ። ክንዱን ጨበጥኩት፤ ሥጋ ነው። እንኳን ደህና መጣህ ያለው አንድ ሰው የለም! ንፍሮ የምታድለው ተሾመች በልማድ ይሁን በድንጋጤ አንድ እፍኝ መዳፉ ላይ አደረገችለት። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቃመው። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ ልቅሶውን ቀጠለች፤ ሁሉም ተከተሏት። እሱን እያዩ።

«ታውራችኋል እንዴ? ይኸው ቁጭ ብሎ!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እንባቸው እየወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ በዛብህ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ተሳስተናል ቢሉ ሰው ስቆ፣ አቅፎት ይበተን ነበር። ኮታቸውን አራግፈው ተነሡ።

«እድሩ አንዴ አልቅሷል። ሁለቴ አያለቅስም።»

ከዚያ ወዲያ ባሌን እንደ ሕያው የሚያየው ጠፋ። ልጆች ሲያዩት ይሮጣሉ። ባለሱቋ ላቀች ጨው ስትሰጠኝ «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ገብሬ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ» አለችኝ። «ቤት ነው ያለው፣ አንቺ!» ብዬ ጨዉን ጥዬላት ወጣሁ። የባሰብኝ ግን እሱ ራሱ ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ «ነበርኩ» ይላል። ወፍጮውን አያስነሣም። ጅማ ላይ ምን ብለህ መረጥክ ስለው «የሞተ ሰው ምን ድምፅ አለው?» አለኝ። አልሳቀም። ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁማኝ «አርባቸው ደረሰ አይደል?» ስትለኝ ጥያት ወደ ቤት ሮጥኩ።

በአርባው ጠዋት የወፍጮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እሰይ፣ ተነሣልኝ ብዬ በደስታ ሮጥኩ። ድንጋዩ ባዶውን ይፈጫል። ገብሬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ የድሮ ዱቄት ፊቱ ላይ ቦንኖበታል። ስነካው ቀዝቅዟል።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደጅ ደረስኩ። ጡሩምባውን ከኋላቸው ደበቁት። «እትዬ፣ እሳቸውን እኮ ነፍቻለሁ» አሉ። በየበሩ ጮኽኩ፤ በሮቹ ተዘጉ። ከእኔ ጩኸት ይልቅ ሙት ሁለቴ መሞቱን ነው የፈሩት። ተመልሼ ብቻዬን አጠብኩት።

ዝናቡ ሲበረታ ደጅ ላይ ካስማ ሲመታ ሰማሁ። ብወጣ ጋሽ በዛብህ ናቸው፤ የእድሩን ድንኳን ብቻቸውን ተሸክመው መጥተዋል፣ በስብሰዋል። ለእሳቸው ያዘጋጀሁት ስድብ ስንት ነበር! ቀና ሳይሉ፣

«ልጄን ናቅፋ ላይ ማን እንደቀበረው አላውቅም» አሉ። «የቀበረው ካለ ግን የዚያ አገር ሰው ነው።»

ካስማውን ደግመው መቱት።

«አካፋ አለሽ?»

ከወፍጮው ጀርባ ነው አልኳቸው።