በር ሲንኳኳ የሚበራ አምፖል

እታፈራሁ ማጅራት ገትር ታማ ስትድን ጆሮዋ ሳይድን ቀረ። ንግግሯ አልጠፋም፤ የሰው ከንፈር እያየችም የሚሏትን ትለያለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሶዶ ውስጥ የምትሰፋባት ክፍል በሯ በቀጥታ ወደ ኮብልስቶኑ መንገድ ይከፈታል፤ አቧራው ጨርቁን እንዳያበላሽባት ግን ዘግታው ነው የምትውለው። ደንበኛ መጥቶ ያንኳኳል፣ ደግሞ ያንኳኳል፣ ከዚያ የለችም ብሎ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ከቤሌ ድረስ የመጣች የሙሽራ እናት እንዲሁ አንኳኩታ ተመለሰች። እታፈራሁ ይህን ያወቀችው ልብሱን ሌላ ሰው ሰፍቶት ሠርጉም ካለፈ በኋላ ነው። ለጎረቤቷ ለማክዳ ስትነግራት አላለቀሰችም። «ውስጥ ነበርኩ እኮ» ብቻ አለች።

ማክዳ እዚያው ግቢ ተከራይታ የምትኖር የቢሮ ሠራተኛ ናት። ከሥራ ስትወጣ ደስታዋ የተበላሸ ራዲዮና ቻርጀር ፈታትቶ መልሶ መግጠም ነው፤ በስልኳ ቪዲዮ እያየች ነው የለመደችው። የሙሽራዋን እናት ነገር እንደሰማች በሩ ላይ የደወል ቁልፍ ገጠመች፤ ሲጫኑት ከስፌት መኪናው በላይ ያለው አምፖል ይበራል። ቁልፉን የሚጫን ሰው ግን ጠፋ። ሁሉም በሩ ፊት ሲቆም እጁ የሚሄደው ወደ ቆርቆሮ በሩ ነው። «እዚህ ይጫኑ» ብላ ጽፋ ብትለጥፍም ጽሑፉን አንብበው ቆርቆሮውን ያንኳኳሉ።

እንግዲያው በሩ ሲመታ ራሱ የሚያውቅ ዕቃ ያስፈልጋል። ማክዳ ስሙን ፈልጋ አገኘች፤ ቫይብሬሽን ሴንሰር ይባላል። ስሙን ይዛ የከተማውን ሞባይል ጠጋኞች አዳረሰች። አንዱ ከተበላሸ ስልክ ውስጥ ትንሽ ሞተር ነቅሎ በመዳፏ አስቀመጠላት።

«ይኸውልሽ ቫይብሬሽን።»

«ይሄ ራሱ የሚነዝር ነው። እኔ የምፈልገው ሲነቀንቁት የሚያውቀውን ነው።»

«እንደዛ ዓይነት እኛ ጋ አይመጣም» አላት።

አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ በቴሌግራም አዘዘች። ዕቃው በአውቶቡስ ተልኮ መጣ፤ ስትከፍተው የሙቀት መለኪያ ነው። ስትደውል ሻጩ ይቅርታ ጠየቀ፤ የምትፈልገው ግን ካለቀ ቆይቷል፣ መቼ እንደሚገባም አላውቅም አላት።

እታፈራሁ ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት። «ተይው ማኪ። ደክሞሻል።»

«አልደከመኝም።»

«ፊትሽ ሌላ ነው የሚለው።»

ማክዳ ሙቀት መለኪያውን ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

በሌላ ሳምንት ለመስክ ሥራ ሻንቶ ሄደች። ሥራው ቶሎ አለቀና ሚኒባሱ እስኪሞላ በገበያው ዳር ስትዞር የሞተር ሳይክልና የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ አየች። ባለቤቱ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። ብዙ ተስፋ ሳታደርግ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ቫይብሬሽን ሴንሰር አለዎት?»

«የየትኛው ሞተር ነው እሱ?»

«የሞተር አይደለም፣ የበር ነው።» ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ቆመች። እስከዚያ ቀን የዕቃውን ስም እንጂ ለምን እንደምትፈልገው ለማንም ሻጭ ነግራ አታውቅም። «ሶዶ ያለች ጎረቤቴ ጆሮዋ አይሰማም። ሰው ሲያንኳኳ መብራት የሚያበራላት ነገር ልሠራላት ብዬ ነው።»

«ልብስ ሰፊዋ ናት? በሽታ ጆሮዋን የወሰደባት?»

«ያውቋታል?»

«ባለቤቴ እሷ ጋ ነበር የምታሰፋው። በኋላ በሩ አይከፈትም ብላ ተወች።» ጋሽ አንጁሎ ይህን ሲናገሩ ደጅ ከቆመው ሞተር ላይ አንድ ገበያተኛ ዘንቢሉን አስደገፈና አላርሙ ጮኸ። ሰውየው ደንግጦ ዘንቢሉን አነሳ።

ማክዳ ሞተሩን ትክ ብላ አየችው። «ይሄ ዘንቢሉን በምን አወቀ?» አለች።

ጋሽ አንጁሎ ሳቅ አሉና ከመደርደሪያው አንድ አላርም አወረዱ። ፈታትተው አዩት። ከትንሿ ሳጥን ጎን ብሎን አለ፤ ሲያጠብቁት በቀላል ንክኪ ይጮኻል፣ ሲያላሉት ካልተገፋ አይጮኽም።

«ጩኸቱን አውጥቼ በቦታው አምፖል አስገባለሁ» አለች ማክዳ።

«ሎኦ» አሉ በወላይትኛ፤ «ጥሩ ነው። ከሠራ ደውይልኝ። ካልሠራም ደውይ፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

ቅዳሜ የአላርሙን ሳጥን በሩ ላይ አሰረች፤ ኃይሉን ከአሮጌ ሞደም ቻርጀር አመጣች። ወጥታ ስታንኳኳ እታፈራሁ ወዲያው ከፈተችላትና አንገቷን አቀፈቻት።

ደስታው ብዙም ሳይቆይ ግን አምፖሉ ብልጭ አለ። እታፈራሁ ከፈተች፤ ማንም የለም። ተቀምጣ ክር ስታስገባ ደግሞ ብልጭ አለ። አሁንም ማንም የለም። ማክዳ አፈረች። ጠመንጃ መፍቻዋን አነሳችና «በጣም አጥብቄው ነው፣ ላላላው» አለች።

እታፈራሁ ሳጥኗን በመዳፏ ሸፈነችባት። «ቅድም ምን ነበር?»

«ባጃጅ አለፈ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ልጆች ኳስ በሩን መቱት።»

እታፈራሁ በሩን አየችው። «ከታመምኩ ወዲህ በሩን ስዘጋ ከተማው ባዶ የሆነ ነው የሚመስለኝ» አለች። «እንዳለ ተይው።»

«ደንበኛ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«እለምደዋለሁ።»

ማክዳ በሥራዋ ስህተት ትታ መሄድ አልወደደችም፤ ሆኖም መፍቻውን ኪሷ ከተተች። ጋሽ አንጁሎ ጋ ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ለባለቤቴ በሩ አሁን እንደሚከፈት እነግራታለሁ አሏት።

እታፈራሁ ለመልመድ ጊዜ ወሰደባት፤ መጀመሪያ ሰሞን ለባጃጁም ለነፋሱም እየተነሳች ትከፍት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ማክዳ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ አምፖሉ አንዴ ብልጭ አለ። እታፈራሁ ቀና ብላ አየችውና ስፌቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ፈጠን ፈጠን እያለ ደጋግሞ በራ።

«ይሄ ሰው ነው» አለች እታፈራሁ። መቀሱን አስቀምጣ ተነሳችና በሩን ከፈተች። ለመዝሙር ቡድን የሚሰፋ ጨርቅ የተሸከመች ሴት ቆማ ነበር፤ እጇ እንደገና ለማንኳኳት እንደተነሳ ነው።