ከጋቢናው በር ሥር የነበረው ማንጠልጠያ

አብራር ከካርቶን ጋር ያወራል ቢባል ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ የሚክድ የለም። ለሰው ሰላምታ መመለስ የሚከብደው ልጅ፣ ጀቤሳ ጋራዥ ጥግ ተንበርክኮ የፍሪጅ ካርቶን ሲቆርጥ፣ በር ሲያደርገው፣ ጣሪያ ሲያደርገው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የጋራዡ ባለቤት ጀቤሳም ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው፤ በካርቶን ቆሞ ያላየውን ነገር ላሜራ ላይ አይቆርጥም።

ይሄኛው ግን አብራር ራሱ አስቦ የሚሠራው የመጀመሪያ መኪና ነበር። የአሮጊቷ የአዴ ሐጂራ ባል ሲሞቱ የተዉት ነጠላ ጋቢና ላንድክሩዘር፣ ከሰርቦ ጅማ ቡና ሲያመላልስ አርጅቶ፣ ሦስት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ልጃቸው ፋሂም ገዢ አግኝቶለት ነበር። አዴ ሐጂራ ግን፣ “የኋላውን ዝጉትና የሰው መቀመጫ አድርጉልኝ። ሰው ሳይሸከመኝ ከወጣሁበት ልጄን ሳቢሪንን ልጠይቅ ደዶ እሄድበታለሁ። ካቃተኝ ሽጠው” አሉ።

ለአብራር ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፉም ሕልሙም መኪናው ሆነ። ክቦቹን መብራቶችና የድሮውን ኮፈን አልነካም። ከጋቢናው ጀርባ ግን ጠርዙ የለዘበ ቤት ሠራለት፤ ተንሸራታች መስኮት፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መቀመጫዎች። ከእንግዲህ የሚጫነው ሰው እንጂ ኩንታል አይደለምና ከባሌስትራው፣ ከሥሩ ከተደራረበው የብረት ሞላ፣ ሁለት ቅጠል ቀነሰ፣ እንዳይነጥር።

ሻሲውን ሲያጸዳ ታዲያ፣ ከጋቢናው በር ሥር የተበየደ ጠማማ ማንጠልጠያ አገኘ።

“ይሄ ደሞ ምንድን ነው?” አለ።

“እኔን ነው ካርቶኑን?” አለ ጀቤሳ። “ሂድና አዴ ሐጂራን ጠይቅ። ብረት በራሱ አይበቅልም።”

መጠየቅ ማለት ቤታቸው መሄድ፣ መቀመጥ፣ የሰው ደኅንነት አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። አብራር ግራይንደሩን አነሳ፤ ማንጠልጠያውን ቆርጦ ጣለው፤ ቦታውን አለስልሶ ቀለም ቀባው።

መኪናው ሲያልቅ ባለቤቶቹ መጡ። ፋሂም መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ “ማሻአላህ፣ አቦ፣ ይሄማ ከአዲስም ይበልጣል” አለ። አዴ ሐጂራ ግን ቀለሙንም መስኮቱንም አላዩም። ጎንበስ ብለው ከበሩ ሥር በእጃቸው ዳበሱ። ቀና አሉና እግራቸውን ወደ መወጣጫው ሰነዘሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እንደገና ሞከሩ።

“በቃ እማዬ” አለ ፋሂም ቀስ ብሎ። “ገዢው አሁንም አለ።”

“እዚህ ጋ ብረት ነበር” አሉ።

ጀቤሳ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ።

“እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ትርፍ መስሎኝ” አለ አብራር።

አዴ ሐጂራ ሳቁ። “ረግጬ የምወጣበት በርጩማዬ ነበር የሚንጠለጠልበት። የፋሂም አባት ነው ያስበየደው። ለሚስቱ በርጩማ ሲያስቀምጥ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን ይቃኝ ነበር፣ አላህ ይማረውና።”

አብራር ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቶኑን ትቶ ሰው ጠየቀ።

“በርጩማው አሁን የት ነው? ቁመቱስ እስከየት ይደርሳል?”

“ቤት አለ። እስከዚህ” አሉ፣ ቅልጥማቸው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው።

ፋሂም ሊያመጣው ሄደ። አብራር ያን ያማረ ቀለም በገዛ እጁ ፋቀው። ካርቶን ቆርጦ ማንጠልጠያውን በልኩ አደረገ፣ “እጅዎ እዚህ ይደርሳል?” እያለ ጠየቀ፣ “ትንሽ ዝቅ” ሲሉት ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ብረቱን ቆርጦ በየደ። የአሱር ሶላት ሳይደርስ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ መጣ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መሐሉ ከመረገጥ ብዛት የጎደጎደ።

አብራር ግራ ቀኙን ሳይቃኝ መሬት ላይ አስቀመጠላቸው።

“ቢስሚላህ” አሉ። በርጩማውን ረገጡ፣ የበሩን እጀታ ያዙ፣ ወጡ። ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ለገዢው ሌላ መኪና ፈልግለት” አሉት ፋሂምን።

አብራር በርጩማውን ማንጠልጠያው ላይ ሰቅሎ ወደ ጥጉ ሊመለስ ሲል ጠሩት።

“ወዴት ነው? ደዶ ስደርስ ማን ሊያወርደኝ ነው? ፋሂም እንደሆነ መሪ ይዟል።”

“እኔ...”

“ግባ አቦ” አለ ጀቤሳ ከኋላው እየገፋው። “ካርቶኑን እኔ አጫውትልሃለሁ።”

አብራር የኋላውን በር ከፈተ። ሁለት ወር ሲሠራው አንድም ቀን ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለእግሩ ሰፊ ነበር።