የኋላ ወንበር

ሹፌሩ መኪናዬን አሳመርኳት ባይ ነበር። የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ቦታውን በስፒከር ሞላው፣ መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ አስደረጋት፣ የሚያጓራ ማርሚታ ገጠመላት፤ ስታልፍ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ግን እናቱ ወገቧን ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት እንደማትራመድ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረውና ለሕክምናው ብሎ መኪናዋን ሊሸጣት አወጣት። ያን ሁሉ ጌጥ ዞር ብሎ ያየለት የለም።

«ምን ነካህ ወንድሜ?» አለው ደላላው። «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጭፈራ ቤት? ያወጣኸውን እርሳው፤ እንዲያውም ዋጋዋን የገደልከው አንተው ነህ።»

በስንት መከራ አንድ ገዢ ተገኘ፤ የልጆች አባት ነው። «ልጆቼን ስፒከር ላይ ላስቀምጣቸው? የፋብሪካውን ወንበር መልስና ዛሬውኑ እወስዳታለሁ» አለ።

ሹፌሩ ክው አለ። ወንበሩ እቤት ነው። እናቱ ከታመመች ጀምሮ አልጋው አልመች ብሏት ተጣጥፋ የምትጋደመው እሱ ላይ ነው።

ገና ከበር ሲገባ ፊቱን አይታ ገባት። «ገዢ ተገኘ አይደል? በል አውርደኝ የኔ ልጅ፤ መሬቱ አይበላኝም» አለችና ክንዷን አንገቱ ላይ ጣለች። ጥርሷን ነክሳ ወረደች። ወንበሩን ተሸክሞ ሲወጣ ዞር ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ገዢው ወንበሩን በመዳፉ ተጫን ተጫን አደረገው። መሃሉ የሰው ጎን ያህል ጎድጉዷል።

«ይሄማ ሰርጉዷል» አለ። «ለዚህ ደግሞ ትቀንስልኛለህ።»