የጋሼ ወልደአረጋይ ዳሽቦርድ

ጀማነሽ የሬዚን ሙጫውን ጣሳ ገና ሳይከፈት አሸተተችው።

"ይሄ ነገር እሳት ይይዛል?"

"ይይዛል እማዬ" አለ ልጇ ኢያቄም። "ለዚህ ነው ከምድጃው ያራቅኩት።"

"ሳንባስ?"

"ማስክ አለኝ።"

"ጎረቤትስ?"

"ጎረቤት ማስክ የለውም" ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጊቢው ጠባብ ነው፤ የቀበሌ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ቅያስ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ቀርቶ ባጃጅም በግድ ነው የሚገባው። ይህንን ሁሉ ጣሳው ከመምጣቱ በፊት አስባ ጨርሳዋለች።

የፈቀደችው የባሰ ነገር ስላለ ነበር። ኢያቄም ካዛንቺስ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና የውስጥ ዕቃ በፋይበር ሲሠራ ኖሮ፣ ሰፈሩ ሲነሣ ጋራዡም ተነሥቶ ሥራ ፈታ። ወራት ከተቀመጠ በኋላ የጋራዡ የድሮ ደንበኛ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ጋሼ ወልደአረጋይ ደወሉለት። የአሮጌዋን ዲኤክስ ቶዮታቸውን ዳሽቦርድ ፀሐይ ሰነጣጥቆታል፤ የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ዞረው ደኅና ነገር አጥተዋል። እቤትህ ሆነህ ትሠራልኛለህ ወይ አሉት።

ኢያቄም እናቱን ቁጭ አድርጎ ነገሩን ግልጽ አደረገላት። ጋሼ ወልደአረጋይ አሮጌ መኪና ያላቸው ብዙ ወዳጆች አሏቸው። ይሄ ካማረላቸው ሥራ ከቤት ሳይወጣ ይመጣለታል። ካልሆነ የጎረቤታቸው የብርኽቲ ወንድም አባዲ ለተሳቢው ረዳት ይፈልጋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ወደ ጅቡቲ ይነሣል፤ ኢያቄምም አብሮት ይሄዳል።

ጀማነሽ የጅቡቲን መስመር አይታው አታውቅም። በሐሳቧ ግን ደጋግማ ሄዳበታለች። በሐሳቧ ተሳቢው ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ፍሬኑም ሁልጊዜ እምቢ ይላል። ስለዚህ "እሺ፣ ጊቢው ውስጥ ሥራ" አለችው።

ሥራው ሲያዩት ልስንና ልብስ ስፌት የተቀላቀሉበት ይመስላል። ኢያቄም የተሰነጠቀውን ዳሽቦርድ ፈትቶ አመጣ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ሰም ቀብቶ ከላዩ ላይ የጀሶ ቅርጽ ወሰደ። ጀሶው ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽና ሰም ተቀባ። ከዚያ ወዲያ በጀሶው ሆድ ውስጥ ነጩ የፋይበር ጨርቅ እየተነጠፈ፣ ማድረቂያ የተቀላቀለበት ሬዚን በብሩሽ እየጠጣ ይደራረባል። ጠንክሮ ከጀሶው ሲላቀቅ አዲሱ ዳሽቦርድ እሱ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ በወጠረው ሸራ ሥር፣ የመጀመሪያውን ድርብ አነጠፈ። ብሩሹ ደርቆ ስለቀረበት ሌላ ሊገዛ ወደ ሜክሲኮ ሲወርድ "እማዬ፣ ማንም እንዳይነካው" አለ።

ጀማነሽ አልነካችውም። ጠበሉን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ ወጣች፣ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ ከዳር እስከ ዳር ረጨችው። ልማዷ ነው። ኢያቄም ማትሪክ ሲፈተን እስክሪብቶውን ረጭታለች፤ ፍሪጅ ሲገዛም ፍሪጁን፣ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት። እስከ ዛሬ ማንም የተጎዳ የለም። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ያነሰ ስለመሰላት ደገመችው።

ኢያቄም ሲመለስ ሸራው ሥር ጨለምለም ብሏል። የታችኛው ሳይጠነክርበት ለመድረስ ቸኩሎ፣ ልብ ብሎ ሳያይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድርብ ጨመረ።

ዓርብ ጠዋት ሊያላቅቀው ሞከረ። ጀማነሽ በሩ ላይ ቆማ ፊቱን ታነባለች። ዳሽቦርዱ አንድ ላይ አልወጣም፤ የላይኛው ድርብ በእጁ ቀረ፣ የታችኛው ጀሶው ውስጥ ተኛ። በመሃላቸው እንደ ለምጽ የነጡ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አሉ። ኢያቄም አንዱን በጣቱ ነካው። ያጣብቃል።

"ተበላሽቷል?" አለች፤ መልሱን ታውቀዋለች።

"ውሃ ነክቶታል።"

"ውሃ?"

"ሬዚን ውሃ አይወድም። ጠብታ ካረፈበት እዚያ ቦታ አይደርቅም፣ ከላይ የሚመጣውንም አይይዝም።" ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሸራውን በመዳፉ ዳበሰ። ደረቅ ነው። ጀሶውንም በጥፍሩ ቧጨረው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጊቢው የጋራ ቧንቧ ሄደ። ብርኽቲ እጅጌዋን ሰብስባ ብርድ ልብስ ታጥባለች።

"እትዬ ብርኽቲ፣ ረቡዕ ልብስ ሲያጥቡ ነበር አይደል?"

"እኔ ያላጠብኩበት ቀን አለ?"

"ወደዚህ ረጭቷል።"

"ምን?"

"የልብስዎ ውሃ። ሥራዬን አበላሸብኝ።"

ብርኽቲ ብርድ ልብሱን ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው። "ዋይ! እኔ ከዚህ ሆኜ እዚያ የምረጨው ምን ነኝ፣ የመኪና እጥበት? ያንተን ግማት ሳምንት ሙሉ ስተነፍስ ምን አልኩህ? ሽሮዬ ሁሉ ቀለም ቀለም ሲል አንድ ቃል ተናገርኩ?"

"እና ከየት መጣ? ከሰማይ?"

"እሱን ሰማዩን ጠይቀው!"

"ጭራሽ ይቀልዱብኛል? ሥራዬ ነው እኮ የሞተው! በቃ፣ ለአባዲ ይንገሩልኝ፣ ሰኞ እሄዳለሁ።"

ጀማነሽ የበሩን መቃን ያዘች። ዝም ብትል ብርኽቲ ጥፋተኛ ሆና ትቀራለች፣ ልጁም ይሄዳል። ብትናገርም ይሄዳል፤ ያውም በእሷ እጅ። የቱም መንገድ ቁልቁለት ነው።

"እሷ አይደለችም" አለች። "ጠበል ነው። እኔ ነኝ የረጨሁት።"

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ብርኽቲ ነበረች፤ ሳቋን በአረፋ እጇ ልትይዝ ሞክራ አፍንጫዋ ሳሙና ሆነ። "ጀሚ! ዳሽቦርዱን አጠመቅሽው?"

ኢያቄም አልሳቀም። "ስንት ጊዜ?"

"ሁለቴ። ማዕዘኑን ስለዘለልኩት።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጀማነሽ ማልቀሱ መስሏት "ልጄ" ብላ ቀረበች። እያለቀሰም እየሳቀም ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ እሷም አልለየችም።

"ይቅርታ እትዬ ብርኽቲ" አለ በመጨረሻ።

"ይቅርታህን በኋላ እቀበላለሁ። ሰውዬው መቼ ነው የሚመጡት?"

"ነገ። መኪናውን ለቦሎ ምርመራ ስለሚወስዱት ማቆየት አይችሉም።" ጣሳውን አንሥቶ ነቀነቀው። "አንድ ጊዜ የሚሆን ቀርቷል። ግን ብቻዬን አልደርስም። አንዱን ጥግ ጨርሼ ወደ ሌላው ሳልፍ የበጠበጥኩት ሬዚን ይረጋብኛል። ደግሞም ቢበላሽ..."

"ተበላሽቷል እኮ" አለች ጀማነሽ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "የፈራሁት ሁሉ ሆኗል። ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? ብሩሽ ስጠኝ።"

"እማዬ፣ ሽታውን አትችዪውም።"

"ብሩሽ ስጠኝ አልኩህ።"

ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ አሥራ፣ የዳቦ ሊጥ የምታቦካበትን የፕላስቲክ ጓንት አጠለቀች። ብርኽቲ ሳትጠየቅ ቧንቧውን ዘግታ፣ ገንዳውን ጎትታ ከበሩ ውጪ አወጣች። "ማንም እዚህ ጊቢ ውስጥ ውሃ እንዳይጠጣ!" ብላ ጮኸች።

ኢያቄም የጀሶውን ሆድ አጸዳ፣ አደረቀ፣ ሰሙን ደግሞ ቀባ። ሬዚኑን በትንሽ በትንሹ በጥብጦ ጨርቁን ያነጥፋል፤ እሷ ትከተላለች።

"አትጎትቺው እማዬ፤ ጨርቁ ይበታተናል። በብሩሹ ጫፍ ምቺው። እንደዚህ፣ ጠቅ ጠቅ።"

"ነጭ ነጭ የሚለው ምንድን ነው?"

"አየር ነው። እሱ እስኪጠፋ ምቺው።"

አየር ፍለጋ ጀማነሽን የሚያክል አልተገኘም። ሌላው ሰው አልፎት የሚሄደውን፣ በማዕዘኑ ውስጥ የተደበቀችውን፣ ገና ልትሆን ያሰበችውን ሁሉ አገኘችው። የራዲዮኑ ቦታ፣ የንፋስ መውጫው ከንፈር፣ የሰዓቶቹ ቀዳዳ ዙሪያ፤ አንዱንም አላመነችም። ኢያቄም "ይበቃል" ሲል "እዚህች ጋ አለች" ትለዋለች። ጎንበስ ብሎ ሲያይ አለች።

ሲጨርሱ ዓይኗ ቀልቶ፣ ክንዷ በፋይበሩ እያሳከካት ነበር። ሬዚኑ ሲሞቅ ጀሶው በመዳፏ ሥር ለብ አለ። "ሊቃጠል ነው?" አለች።

"እየደረቀ ነው" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ዳሽቦርዱ አንድ ሆኖ ወጣ። ኢያቄም ዳር ዳሩን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ ጥቁር ቀለም ነፋው። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደአረጋይ ዲኤክሱን፣ ሽቦዎቹ እንደ አንጀት ተዘርግፈው፣ ቅያሱ አፍ ላይ አቆሙት። በግራ በኩል አንዱ ብሎን አልገጥም ብሎ ኢያቄም ቀዳዳውን በሞረድ ሲያሰፋው ጀማነሽ የቀሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ ቆጠረች። ገጠመ።

ጋሼ ወልደአረጋይ በጣታቸው አንኳኩት፣ በመዳፋቸው ደገፍ አሉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ከቅርብ አዩት።

"መንገድ ላይ አይንቀጫቀጭም?"

"ይንዱትና ይዩት ጋሼ" አለ ኢያቄም።

"እናትህ ትግባና ትፍረድ። ነይ ጀማነሽ።"

እስከ ሜክሲኮ ሄደው ተመለሱ። ጀማነሽ ከፊት ተቀምጣ ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ሥር ይዛ ነበር፤ ቢወድቅ ጉልበቷ ላይ እንዳይሆን። ጉድጓድ ሲያልፉ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም ድምፅ የለም።

ሲወርዱ ጋሼ ወልደአረጋይ "አንድ ወዳጄ ለፔጆው በር የውስጥ ሽፋን አጥቶ በካርቶን ሸፍኖ ነው የሚነዳው" አሉ። "ማክሰኞ ይዤው ልምጣ?"

"ያምጧቸው" አለ ኢያቄም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ስልኩን አወጣ። ጀማነሽ አጠገቡ ቆመች።

"ሄሎ አባዲ፣ ማለቴ... ሰኞ አልመጣም። አዎ። በቃ እዚሁ ሥራ ያዝኩ። እሺ ወንድሜ፣ በሰላም ግባ።" ዘጋው።

"ምን አለህ?"

"እሺ አለኝ።"

"እንዲሁ እሺ? አልተቆጣም?"

"አልተቆጣም እማዬ። ሌላ ልጅ አለ፣ እሱን ይዤ እሄዳለሁ ነው ያለው።"

ጀማነሽ በሩ ደፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና የሚያሳክካትን ክንድ ማከክ ጀመረች።

"የማን ልጅ?" አለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"እናት አለችው?"